የእንጨት እስክሪብቶ ለመሥራት፦ የታሰረ ድሪል ወይስ ትንሽ ቶርኖ?

ሰኔ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ለምርቃት ስጦታ እስክሪብቶ የሚያዝ አንድ፣ «ማሽኑን ስንት ገዛኸው?» የሚል ሦስት። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

እስክሪብቶ የሚቀረጸው እንጨቱን እያሽከረከሩ በመሮ ነው፤ ማሽከርከሪያው ማሽን ቶርኖ ይባላል። እኔ ግን የጀመርኩት በድሪል ነው። መርካቶ፣ 4,200 ብር። ቀለሙም ጽሑፉም የማኪታ ነበር፤ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ማለልኝ። ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት፣ ከወዲያ በኩል ሹል ብሎን አቆምኩለት፣ ቶርኖ ሆነልኝ። ለሁለት ሳምንት! ከዚያ አራት ኪሎ ያለችውን ጠባብ ክፍሌን የተቃጠለ ሽታ ሞላት። ጠጋኙ ፈትቶ ሲያየው ሳቀ። የሞተሩ ሽቦ መዳብ መስሎ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ለመጠቅለያ 1,800 ጠየቀኝ፤ ትቼለት ሄድኩ። ድሪል ስትገዙ አንሱት፤ እንደ ላባ ከቀለላችሁ መልሱት።

«ኦርጅናሉንስ?» ትሉኛላችሁ። 13,000 አውጥቼ እሱንም ሞከርኩ። ድሪል የተሠራው ወደፊት ተገፍቶ ለመብሳት ነው። መሮ ከጎን ሲጫነው ኩሽኔታው ይላላል፣ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። እስክሪብቶው ሲያልቅ እንጨቱና ብረቱ የሚጋጠሙበት ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉ፤ ከያዘ ገዢውም ያገኘዋል።

ሁለተኛዋ፣ በሻንጣ የምትመጣው ሚጢጢ ቶርኖ ናት። ጓደኛዬ በ19,000 ገዛት። ፍጥነቷን በቁልፍ ማስተካከሏ ደስ ይላል። ግን ወይራ ላይ መሮውን ትንሽ ጠበቅ ሲያደርግ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ካርዷ ተቃጠለ። መርካቶን ዞረን ዞረን ምትኩን አጣን። አሁን መደርደሪያ ላይ ናት።

እኔ የምለው ቺንጋ (ሞተሩ እንጨቱን የሚያሽከረክርበት የጎማ ቀበቶ) ያላትን ቶርኖ ነው። ያገለገለች፣ 46,000 ብር። አዎ፣ ዋጋዋ ያስደነግጣል። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በ27,000 ቀርባልኝ «ተወደደች» ብዬ አልፌአት ነበር፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ግን አብረን እናስላ። የእስክሪብቶው ቱቦ የሚገባበትን የ7 ሚሊሜትር ቀዳዳ እዚያው ቶርኖዋ ላይ ስለምበሳ 18,000 የተጠየቅኩበት የቋሚ መሰርሰሪያ ቀረልኝ። (ወይራ ስትበሱ ቀስ በሉ፤ መብሻውን ቶሎ ቶሎ እያወጣችሁ። ከጋለ እንጨቱ ይሰነጠቃል።) በዓመት ውስጥ ቺንጋ ሁለቴ፣ ኩሽኔታ አንዴ ቀየርኩ፤ ሁሉም 1,900 ብር። የኩሽኔታው ቁጥር እላዩ ላይ ተጽፏል፣ አሳይቶ መግዛት ነው። ሞተሩ ቢቃጠል ማንም ሞተር ጠቅላይ ይሠራዋል፤ ካርድ ፍለጋ የለም። ፍጥነት ለመቀየር ማጥፋት፣ ክዳን መክፈትና ቺንጋውን ማዛወር ግድ ነው። ይለመዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት እንጨቱን ከግራና ከቀኝ የሚይዙትን ሁለቱን ሹሎች አስጠግታችሁ ጫፍ ለጫፍ አገናኙ። ካልገጠሙ ቀዳዳችሁ ሁሌም ጠማማ ነው፣ ተዉት። የዘንግ መግቢያው (እንጨቱን የሚሸከመው ዘንግ የሚሰካበት ሾጣጣ ቀዳዳ) ልኩ 2 ቁጥር ሞርስ ቴፐር ይሁን፤ አብዛኛው የእስክሪብቶ ዘንግ ለሱ የተሠራ ነው። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 110 ቮልት እንዳይሆን እዩ፤ የትራንስፎርመር ወጪ ይጨመርባችኋል።

46,000 ከየት ይምጣ ለምትሉ፣ እኔም ብቻዬን አልከፈልኩም። ከጎረቤቴ አናጢ ጋር ተካፍለን ነው። እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። የምንጣላው ፍቅፋቂውን ማን ይጥረግ በሚለው ብቻ ነው።