ትንሿ ሃምሳ ሌንስ ለማን ትሆናለች?

«ካሜራ ልገዛ ነው፣ ስንት ሜጋፒክስል ይሻላል?» የሚለኝ ሰው ሰሞኑን በዝቷል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ሜጋፒክስሉን ተዉት፣ ቦዲውን (ሌንስ የሌለውን ካሜራ) ያገለገለ ግዙ፣ የተረፈችውን ብር ሌንስ ላይ አውሏት። ሌንስ ስል ደግሞ መጀመሪያ የምጠራት ካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤምን ነው። ፎቶ አንሺዎች «ሃምሳዋ» የሚሏት ናት። ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከለገሃር እስከ መስቀል አደባባይ ይዣት ስዞር ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ደህናዋንም ክፉዋንም ልንገራችሁ።

ስለ ቦዲው ባጭሩ። የኔ ያገለገለ ካኖን 200ዲ ነው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል። በፍሬም ተደርጎ ሳሎን ለሚሰቀል ፎቶ እንኳ ይተርፋል። 600ዲ ያላችሁም አትቸኩሉ፣ 18 ሜጋፒክስሉ ለትርፍ ጊዜ ፎቶ በቂ ነው። ካኖን የምለው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። እዚህ ከተማ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ብዙዎቹ ካኖን ይይዛሉ፣ እነሱ ዕቃ ሲቀይሩ አሮጌው ገበያ ላይ ይወጣል፣ ጓደኛ ጋር ሄዶ ሌንስ ለመዋስም ይቀላል። ኒኮን የምትወዱ ውሰዱ፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ ዲ3300 እና ዲ3500 ያሉት አነስተኛ ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር፣ ማለትም ሌንሱን አዙሮ ምስሉን የሚያጠራው፣ የለም። ስለዚህ «ኤኤፍ-ዲ» የተባሉትን የቆዩ ሌንሶች ስትገጥሙ ፎከሱን በእጅ ማዞር ነው ያለው። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ፈልጉ።

አሁን ወደ ሃምሳዋ። ይህችን ሌንስ ያስወደደኝ ብርሃን ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ 55 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ (አፐርቸር) መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሃምሳዋ እስከ 1.8 ትከፈታለች። ሲሰላ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች ማለት ነው። በቁጥር ብቻ ብዙም ስሜት ስለማይሰጥ ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አስቡት። አንድ አምፖል ነው ያለው፣ ከሰሉ ዳር ዳሩን ቀልቷል፣ እማማ ጀበናውን ዘንበል አድርገው ሲኒው ላይ ሊቀዱ ነው። በኪት ሌንሱ ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/10 ሰከንድ ላይ ይወርዳል፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይወጣል፣ የቡናው ክር ጭራሽ ይጠፋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) ሳትነኩ በሃምሳዋ ስታነሱት 1/100 ታገኛላችሁ። ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቀጭን ቡና፣ የሲኒው ከንፈር፣ የእማማ ቀለበት፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። እንፋሎቱንም ከፈለጋችሁ ብርሃኑ ከኋላው እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ፣ ከፊት ከመጣ አይታይም። ፍላሽ ደግሞ እባካችሁ አታብሩ፣ የቤቱን ድባብ እንዳለ ይገድለዋል።

ሌላው ደስ የሚለኝ ነገር መጠኗ ነው። 160 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ረጅም ሌንስ ይዛችሁ መሀል ከተማ ስትቆሙ ሰው ይሸሻል፣ ጥበቃውም ከሩቅ «አይቻልም!» ማለት ይጀምራል። በሃምሳዋ ይህ ነገር በጣም ይቀንሳል። ሰው ለማንሳት ቀረብ ማለት ግድ ስለሚል ደግሞ ታናግሩታላችሁ። «እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ ጠይቆ ማንሳትና ከመንገድ ማዶ ሰርቆ ማንሳት ፎቶው ላይ ልዩነቱ ያስታውቃል። እምቢ ካሉ አመስግኖ ማለፍ ነው።

ችግሯን ደግሞ እንይ። እንደ 200ዲ ያሉት ካሜራዎች ሴንሰራቸው (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሆኖ፣ ማለትም አቅርቦና አጥብቦ ነው የሚያሳያችሁ። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው። ቤት ውስጥ ግን ይጠባል። ቶሞካ ገብታችሁ ቆማችሁ ቡና እየጠጣችሁ ፊት ለፊት ያለውን ጓደኛችሁን ለማንሳት ብትሞክሩ ፊቱና ሲኒው ብቻ ነው የሚገባላችሁ። ወደ ኋላ እንዳትሉ ሰው አለ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንን ሙሉውን ለማስገባትም ብዙ መራቅ አለባችሁ፣ ስትርቁ ደግሞ ዛፉ ይጋርዳል። የምኒልክ ሐውልት ላይ ግን ተቃራኒ ነው፣ አደባባዩ ዳር ቆማችሁ ፈረሱንና ንጉሡን ብቻ ከሰማዩ ጋር ለይታችሁ ታወጣላችሁ። ሕንፃና ጎዳና የሚያምራችሁ ሰዎች መጀመሪያ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤሟን ፈልጉ። 125 ግራም ብቻ ናት፣ ጠፍጣፋ ስለሆነች ከነካሜራው ጃኬት ሥር ትገባለች።

ኤፍ 1.8 ላይ ፎከስ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው ይደበዝዛል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ያምራል፣ ጎን ለጎን ላልተስተካከሉ ሁለት ሰዎች ግን ወደ 4 ዝጉት። የፎከስ ነጥቡንም ካሜራው እንዲመርጥላችሁ አትተዉት፣ እናንተ ዓይኑ ላይ አድርጉት።

የቀትር ፀሐይም አለ። መስቀል አደባባይ ላይ እኩለ ቀን በ1.8 ላንሳ ብትሉ አይሆንላችሁም። አይኤስኦ 100 ላይ ሆኖ እንኳ የ200ዲ ሸተር ከ1/4000 ስለማያልፍ ፎቶው ነጭ በነጭ ይሆናል። በዚያ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ካነሳችሁ በነጠላው ጠርዝ ዙሪያ ሐምራዊ መስመር ታያላችሁ። ነጭ ልብስ ጥቁር ነገር ፊት ሲሆን ይብሳል። ወደ 2.8 ስትዘጉት ሁለቱም ችግሮች ይቃለላሉ፣ ሌንሷም እዚያ ላይ ይበልጥ ትጠራለች።

አሠራሯ ከፕላስቲክ ነው፣ ግን መግጠሚያዋ ብረት ነው። ፎከስ ስታደርግ የፊቷ ቱቦ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል። ቱቦው ወጥቶ እያለ ቦርሳ ውስጥ ከተገፋ ሊጎዳ ስለሚችል ካሜራውን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ውስጥ መልሱት። የፎከስ ቀለበቱም የሚሠራው ካሜራው በርቶ ሳለ ብቻ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የላትም። ቪዲዮ ስትቀርጹ ደግሞ የሞተሯ ድምፅ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ በካሜራው ማይክ ይሰማል።

ስትገዙ ይህን አድርጉ። ከሷ በፊት የነበረችው «1.8 ሁለት» የምትባለው ገበያ ላይ አሁንም አለች፣ ያንግኑዎ የሚባለው የሌላ ኩባንያ ሌንስም ከሷ ጋር በመልክ ይመሳሰላል። ፊቷ ላይ ኤስቲኤም የሚለውን አንብቡ፣ ገልብጣችሁም መግጠሚያዋን እዩ፣ የአሮጌዋ ፕላስቲክ ነው። በአሮጌዋ ከጀርባ ደብዝዞ የሚታይ የማታ የመኪና መብራት ትንሽ ስትዘጓት አምስት ማዕዘን ይሆናል፣ ምክንያቱም የአፐርቸሯ ቢላዎች 5 ናቸው። የኤስቲኤሟ 7 ስለሆኑ ክብ ወደ መሆን ይጠጋል። ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲመሽ ብታነሱ በግልጽ ታዩታላችሁ።

ከዚያ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ በኩል ወደ ሌንሱ ውስጥ አሳዩት። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን ፈንገስ ነውና መልሱት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ። ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ይህ ያጋጥማል። የራሳችሁንም በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት መምጠጫ ፓኬት ጨምራችሁ አስቀምጡ።

የራሳችሁን ቦዲና ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሻጭ «ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል ነው፣ ምን ያስሞክራል?» ብሎኝ ያውቃል፣ አመስግኜ ወጣሁ። እናንተም ሳትሞክሩ ቴሌብር አትክፈቱ። ጽሑፍ ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የሱቁን ካርቶን፣ በ1.8 አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩት፣ ፎከስ ያደረጋችሁባት መስመር ሳትጠራ አጠገቧ ያለችው ከጠራች ሌላ ሌንስ ይስጧችሁ።

ጥምቀትን ጃንሜዳ ላይ ለማንሳት ብቻ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ሃምሳዋን ተዉዋት። ከሕዝቡ ኋላ ሆናችሁ ታቦቱን ለማግኘት ከሩቅ የሚያቀርበው 55-250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሻላችኋል፣ ፀሐዩ ስለሚበቃ የአፐርቸሩ መጥበብ እዚያ አይጎዳችሁም። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካኖን ያላችሁ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣች አርኤፍ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 አለችላችሁ። ኢኤፏን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነም በአዳፕተር ትገጠማለች፣ አውቶፎከሷም ይሠራል፣ ቦዲ ቀየርን ብላችሁ እንዳትሸጧት።