የክላሲክ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲታደስ የቱ ዕቃ ይሻሻል፣ የቱ ባለበት ይቅር?

አንድ የቆየ አውቶማቲክ ካምቢዮ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ባለመኪናው አስቀድሞ የሚጠይቀው ከፋብሪካው የሚሻለው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ መልሱ በሞተሩ ጉልበት፣ በዲፈረንሻሉና በባለቤቱ አነዳድ ይወሰናልና። እዚህ በምሳሌነት የምጠቅሳቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ሞዴል መኪኖች የጀመረው የጄኔራል ሞተርስ ቱርቦ 350፣ በ1964 የወጣው ታላቁ ቱርቦ 400 እና የክራይስለሩ ቶርክፍላይት 727 ናቸው። ሦስቱም ባለ 3 ማርሽ ናቸው፤ የሚደክሙበት ቦታ ግን ይለያያል። የእኔ አቋም ገንዘቡ በቅድሚያ የዘይት ግፊትን ለሚይዙና ሙቀትን ለሚያስወጡ ዕቃዎች ይውጣ የሚል ነው።

ስለ ጎሚኒዎች ብዙ ማወዳደር አያስፈልግም። ከአሮጌ ካምቢዮ የወጣ የፒስተን ጎሚኒ በጣት ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጣጥቆ ማየት የተለመደ ነው። በዚያ በኩል ግፊት ሲያመልጥ ማርሹን የሚያስይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች በሚገባ ሳይጨመቁ ይንሸራተታሉ፤ ከዚያም ይቃጠላሉ። ሙቀትን የሚቋቋመው የቫይቶን ጎሚኒ ለካምቢዮው ሞዴል ከተገኘ፣ ከተለመደው ናይትራይል በላይ የሚጠየቀው ልዩነት የሚያስቆጭ አይደለም።

የፍሪሲዮን ዲስኮች ላይ ግን ምርጫው ሰፊ ነው። በአንድ በኩል ወረቀት መሰል ሸራ የለበሱት መደበኛ ዲስኮች አሉ፤ በሌላ በኩል ለውድድር የተሠሩ፣ ሙቀት የሚችሉና አጥብቀው የሚይዙ ዲስኮች ይሸጣሉ። መደበኛዎቹ ማርሽ ሲቀየር ለስላሳ ናቸው፤ ጉልበቱ ብዙም ላልተለወጠ ሞተር ይበቃሉ። የውድድሮቹ በዝግታ ሲነዳ ድንገት የመያዝ ባሕርይ ሊኖራቸው ስለሚችል ለሰንበት ሽርሽር ብቻ ለምትወጣ መኪና አልመክራቸውም። ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ይኸውም የሸራውን ዓይነት ሳይለውጡ የዲስኮቹን ቁጥር መጨመር ነው። በቱርቦ 350 ዳይሬክት ከበሮ (ዲስኮች የሚደረደሩበት ክብ ቤት) ውስጥ 4 ዲስኮች በነበሩበት 5 ቢገቡ፣ የሚፋተጉት ገጾች ከ8 ወደ 10 ስለሚያድጉ በዚያው ግፊት የመያዝ አቅሙ በሩብ ይጨምራል። ይሁንና ቦታው የሚገኘው በመካከል ያሉትን የብረት ሳህኖች በማሳሳት ከሆነ፣ ስስ ሳህን አነስተኛ ሙቀት ብቻ የሚውጥ በመሆኑ ትርፉ በከፊል ይመለሳል።

ከባዱ ውሳኔ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞሩትን መያዣዎች፣ ማለትም በድቡልቡል ዘንጎች የሚይዘውን ሮለርና በቅርጻቸው ተቀርቅረው በሚይዙ ቁራጮች የሚሠራውን ስፕራግ ይመለከታል። በቱርቦ 350 ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሸክሙን የሚሸከመው በዳይሬክት ከበሮው ላይ ያለው ሮለር ሲሆን፣ ኃይለኛ ሞተር ሲገጠም የካምቢዮው ደካማ ቦታ እርሱ ነው። ከበሮውን ጨምሮ የሚቀየረው ባለ 36 ቁራጭ ስፕራግ ሸክሙን ለብዙ ነጥቦች ያከፋፍላል፤ ለቱርቦ 400 የሚሸጠው ደግሞ ባለ 34 ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ንጹሕና ያልተላላጠ ሮለር ይበቃል። በ727 ግን ነገሩ ከጥንካሬም አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ጎማ እያሽከረከሩ በአንደኛ ማርሽ ሲያስነሡ የኋላው ሮለር ከከዳ፣ የፊተኛው ከበሮ ከሞተሩ ዙር በእጅጉ በልጦ ይሽከረከርና ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪውም የካምቢዮውን ቤት ጥሶ ይወጣል። ስለዚህ በ727 ለሚወዳደር ሰው በቡሎን የሚታሰረውን መያዣና ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለውን ከበሮ መግዛት እንደ ቅንጦት አይታይም።

ሺፍት ኪት በአነስተኛ ዋጋ ብዙ ለውጥ ያመጣል። የዘይቱን ግፊት ወደየማርሹ በሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ሞላዎችንና የሳህን ቀዳዳዎችን በመቀየር ዲስኮቹ የሚንሸራተቱበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ለዘወትር መኪና ለመንገድ የተዘጋጀው ይበቃል፤ ማርሹን ሁሉ በእጅ የሚያስቀይረውን መግዛት አያስፈልግም። ኪቱን ከመግዛት በፊት በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል (ቫኪዩም) የሚሠራው ቫኪዩም ሞዱሌተር ይታይ። በቱርቦ 350 እና 400 የዘይቱን ግፊት ከሞተሩ ሸክም ጋር የሚያዛምደው እርሱ ነው፤ ኃይለኛ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) የተገጠመበት ሞተር ቫኪዩሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ሞዱሌተሩ ነጂው ነዳጅ አጥብቆ የረገጠ ይመስለዋል፤ ማርሹም ዘግይቶና በኃይል ይቀየራል። እንዲህ ላለው ሞተር በትንሽ ብሎን የሚስተካከለው ሞዱሌተር ከኪቱ ይቀድማል። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ የውስጡ ሽፋን ተቀድዶ ሞተሩ ዘይቱን እየሳበው ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው አዲስ ሞዱሌተር ብቻ ነው።

የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ቶርክ ኮንቨርተር በተመለከተ፣ ከፍ ያለ ስቶል (መኪናው በፍሬን ተይዞ ሞተሩ ሊደርስበት የሚችለው ዙር) ያለውን መምረጥ ፈታኝ ነው። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ሬሾ 2.73፣ የጎማው ቁመት 66 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ የሚዞረው በደቂቃ 2,200 ጊዜ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የ3,000 ዙር ስቶል ኮንቨርተር ቢገጠም ረጅም መንገድ ላይ እንኳ ከሚገባው በላይ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። 3.73 ዲፈረንሻል ያለው መኪና በዚያው ፍጥነት ወደ 3,000 ዙር ስለሚደርስ ያው ኮንቨርተር ይስማማዋል። በየትኛውም ሁኔታ ግን ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ እመክራለሁ። ከሁለቱ ዓይነቶች በሳህን ላይ ሳህን የተደረበው፣ በእኩል ስፋት ሲለካ ከቱቦና ክንፍ ዓይነቱ የበለጠ ሙቀት ስለሚያስወጣ ጠባብ የፊት አፍ ላላቸው መኪኖች ይስማማል።

ዲስኮቹ ከመገጠማቸው በፊት በሚሠራበት ዘይት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከሩ፤ ከዚያም የተደረደሩት ዲስኮች ክፍተት በስፔሲመትር (ክፍተት በሚለካ የስስ ብረቶች መለኪያ) ይለካ። የሞዴሉ መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በእያንዳንዱ ባለሸራ ዲስክ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ለ4 ዲስክ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የተለመደ መነሻ ነው። ክፍተቱ ካነሰ ዲስኮቹ ተለቅቀውም እየተፋተጉ ይቃጠላሉ፤ ከበዛ ደግሞ የማርሹ አያያዝ ይዘገያል። ማስተካከያው ውፍረቱ የተለየ ሳህን በመሆኑ፣ ሻጩ ያልተገጠመውን ሳህን በሌላ ውፍረት ይቀይር እንደሆነ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።