ሆንግ ኮንግ እና ማካው፦ በአንድ በር የገቡ ሁለት ከተሞች

ቻይና በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 31 «ልዩ የአስተዳደር ክልል» የሚባል በር ከፈተች። «አንድ አገር፣ ሁለት ሥርዓት» የሚለው ሐሳብ፣ ማለትም አንድ ግዛት የቻይና ሆኖ የራሱን ሥርዓት እንዲይዝ መፍቀድ፣ መጀመሪያ ለታይዋን የታሰበ ነበር፤ በበሩ የገቡት ግን ሆንግ ኮንግና ማካው ናቸው።

እንግሊዝ የሆንግ ኮንግን ደሴት በ1842፣ ከደሴቱ ማዶ ያለውን ካውሉንን በ1860 በጦርነት ወሰደች፤ በ1898 ደግሞ ከካውሉን ጀርባ ያለውን ሰፊ መሬት ለ99 ዓመት ተከራየች። ኪራዩ ሲያልቅ በ1997 ሁሉንም አስረከበች። ማካው ላይ ግን ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሰፈሩት ኪራይ እየከፈሉ ነው። ከ1974ቱ የፖርቱጋል አብዮት በኋላ ሊዝበን ለመልቀቅ ብትፈልግም ቤጂንግ አልቸኮለችም፤ ርክክቡ እስከ 1999 ቆየ።

በወረቀት ላይ መንታ ናቸው፦ የየራሳቸው መሠረታዊ ሕግ፣ ገንዘብ፣ ፍርድ ቤትና ሥርዓታቸው ለ50 ዓመት እንደማይለወጥ የተገባ ቃል። ልዩነቱ የየራሳቸውን የጸጥታ ሕግ እንዲያወጡ በሚያዝዘው የመሠረታዊ ሕጎቹ አንቀጽ 23 ወጣ። ማካው የጸጥታ ሕጉን በ2009 ያለ ብዙ ግርግር አጸደቀች። ሆንግ ኮንግ በ2003 ስትሞክር ሕዝቡ አደባባይ ወጣና ረቂቁ ተነሣ፤ ከ2019ኙ ተቃውሞ በኋላ ቤጂንግ በ2020 የራሷን ሕግ አወጣችባት፣ የከተማዋ ሕግም በ2024 ተከተለ።

በእኔ እይታ ማካው ዝም ያለችው ስለተመቻት ብቻ አይደለም፤ በጀቷ በቁማር ቤቶች ግብር የቆመ ትንሽ ከተማ ብዙ የመከራከሪያ አቅም የላትም። ገንዘቧ ፓታካ እንኳ የተጣበቀው በሆንግ ኮንግ ዶላር ላይ ነው፤ በማካው ገበያም ሁለቱም ገንዘቦች ይሠራሉ።

መኪና ግን፣ ከዋናው ቻይና በተለየ፣ በሁለቱም ከተሞች ዛሬም በግራ ይነዳል።