ማስታወቂያ ማገጃ፦ በነጻ ወይስ በክፍያ?

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ዜና ልከፍት ስል ማስታወቂያው ይቀድመኛል። ፓኬጁን የሚበላብኝ ደግሞ በኔው ብር!

ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ማገጃ ነጻ ነው፤ መዋጮ እንኳ አይቀበልም። አንድሮይድ ስልክ ላይ በፋየርፎክስ ይጫናል። ግን ከብራውዘሩ ውጭ አቅም የለውም። ጌም መሀል ድንገት የሚዘል ማስታወቂያ አይነካም።

አድጋርድ የተባለው ሌላ ማገጃ ሁለት መልክ አለው። የአንድሮይዱ ነጻው ብራውዘር ብቻ ያጸዳል፤ የሚከፈልበት ሌሎች አፖችንም ይይዛል። ጣጣው ክፍያው ላይ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከየት ይምጣ?

እኔ ነጻውን ይዤ፣ አንድሮይድ 9 ላይ የመጣውን ፕራይቬት ዲኤንኤስ (ስልኩ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቅበትን ሰርቨር የሚመርጥ ቅንብር) ወደ አድጋርድ ነጻ ሰርቨር አዞርኩት። ብዙ አፖች ጸጥ አሉ። ዩቲዩብ ግን ወይ ፍንክች! ማገጃዎቹን ለሚሠሩት «ይህን ጨምሩልን» ለማለት ደግሞ መክፈል አያስፈልግም። የኔ ጥያቄ ለአማርኛ ድረ ገጾች የሚሆን ማጣሪያ (የሚታገዱ ማስታወቂያዎች ዝርዝር) ነው።