ባቡር ወይስ አውሮፕላን? ለአጭር የውጭ አገር ጉዞ የቱ ያዋጣል?

ቲኬት በሚሸጡ ድረ ገጾች ላይ አውሮፕላን ሁልጊዜ ፈጣን ነው። ከፓሪስ ለንደን በአየር አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በባቡር ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን አይቶ አውሮፕላኑን የሚመርጥ ሰው አይፈረድበትም። ያ ቁጥር ግን ከመነሳት እስከ ማረፍ ያለውን እንጂ ከሆቴል እስከ ሆቴል ያለውን ጊዜ አይነግርም። አራት አምስት ቀን ብቻ ይዞ ለወጣ ሰው ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨው ግማሽ ቀን በሰልፍ መባከኑ ነው።

ይህንኑ መስመር እንቁጠረው። ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ከመሀል ፓሪስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከጋር ዱ ኖር ጣቢያ በከተማ ባቡር ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ፣ ይፈተሻሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይበራሉ። ለንደን፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፉ ረጅሙ መተላለፊያ፣ የፓስፖርት ሰልፍ፣ ሻንጣ ጥበቃ፣ ከዚያም ወደ መሀል ለንደን የሚወስድ ሌላ ባቡር ይከተላሉ። ድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል ቢሆን አይገርምም። ባቡሩ፣ ዩሮስታር፣ በበኩሉ ከመሀል ፓሪስ ተነስቶ መሀል ለንደን፣ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ያወርዳል። እርግጥ ነው፣ እንደ ተራ ባቡር በመጨረሻዋ ደቂቃ ሮጠው አይገቡበትም፤ በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ 30 ደቂቃ በፊት ይዘጋል፤ ከሰዓት በላይ ቀድሞ መገኘትም ይመከራል። ነገር ግን የፈረንሳይም የእንግሊዝም የፓስፖርት ቁጥጥር እዚያው ፓሪስ ላይ ስለሚያልቅ ለንደን ሲወርዱ የሚጠብቅዎት ጎዳናው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ይመጣል።

በሼንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው መደበኛ የፓስፖርት ቁጥጥር ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች መካከል ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ከፓሪስ ብራስልስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ጣቢያ መገኘት ይበቃል። በዚህ መስመር አውሮፕላንን ማሰብ ራሱ ትርፍ ድካም ነው። ፈረንሳይማ በአገር ውስጥ ጉዳዩን በሕግ ቋጭታዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚያደርስባቸው መስመሮች ላይ አጫጭር በረራዎችን ከልክላለች። ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ናንትና ቦርዶ የነበሩት በረራዎች በዚህ ቀርተዋል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ባቡሩ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነና ቀጥታ ከሄደ ባቡሩን፤ ከስድስት ሰዓት ካለፈ አውሮፕላኑን። ከፓሪስ አምስተርዳም፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አካባቢ፣ ባቡር ነው። ከቶኪዮ ኦሳካ 515 ኪሎ ሜትሩን የጃፓኑ ፈጣን ባቡር ሺንካንሰን በሁለት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ ይህም ባቡር ነው። ከፓሪስ ባርሴሎና ግን ስድስት ሰዓት ከግማሽ በላይ ስለሚፈጅ፣ ጉዞው አጭር ከሆነ አውሮፕላን ይሻላል። በመካከል ያለው ያከራክራል፦ ከቤጂንግ ሻንጋይ 1,318 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይኬዳል፤ ይሁንና በቻይና ጣቢያዎች ቲኬቱ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል፣ ሻንጣም ይፈተሻል፣ ስለዚህ እዚያ ጣቢያ ቀድሞ መድረስ ግዴታ ነው።

ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስሉ ከተሞችም ያታልላሉ። ማድሪድና ሊዝበን የጎረቤታሞች ዋና ከተሞች ናቸው፤ ከማድሪድ ባርሴሎና በሁለት ሰዓት ተኩል ያደረሰዎት ባቡር ሊዝበንም እንዲሁ ያደርሰኛል ብለው ቢያስቡ ግን ይሳሳታሉ። የሁለቱን ከተሞች የቀጥታ የሌሊት ባቡር እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አቋርጦታል፤ በየጣቢያው እየቀየሩ መሄድ ሙሉ ቀን ይበላል። በአየር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የርካሽ አየር መንገዶች ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር የሂሳቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። «ፓሪስ» ብለው የሚሸጡት ማረፊያ ቦቬ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ብራስልስ» የተባለውም ሻርለርዋ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ መሀል ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ አውቶቡስ ላይ ይቀመጣሉ። የአውቶቡሱ ዋጋ ሲደመር ርካሹ ቲኬት ርካሽነቱ ይቀራል። ከዚያ ሻንጣው አለ። በብዙዎቹ ዘንድ በነጻ የሚፈቀደው ከወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ናት። መሳፈሪያው በር ላይ ያለችውን የብረት መለኪያ ያየ ያውቃታል፦ ሰው ሻንጣውን በጉልበቱ እየገፋ ሊያስገባት ይታገላል፣ አልገባ ሲለው ከፍቶ ሁለት ሹራብና አንድ ኮት ደራርቦ ይለብሳል፣ ሠራተኛዋ የክፍያ ማሽኑን ይዛ ትጠብቃለች። እዚያ የሚከፈለው ደግሞ ቀድሞ በኢንተርኔት ከሚከፈለው ይበልጣል።

ባቡር ላይ ሻንጣ የሚመዝን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ሻንጣ ይዘው ይገባሉ፣ የውኃ ጠርሙስዎንም ማንም አይጥልብዎትም። የጃፓኑ ሺንካንሰን ግን ለየት ይላል፦ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ካለዎት በዋና ዋናዎቹ መስመሮች የሻንጣ ቦታ ያለውን ወንበር ቀድመው መያዝ አለብዎት።

ይህን ስል ባቡር ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። የፈጣን ባቡር ቲኬት እንደ አውሮፕላን ቲኬት ቀኑ ሲቃረብ ይወደዳል፤ በዋዜማው የሚገዛ ሰው በዚያው ቀን ከሚነሳው በረራ የሚበልጥ ዋጋ ሊገጥመው ይችላል። ፉክክር ያለባቸው መስመሮች ይሻላሉ። ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የግሉ ኢታሎ ከመንግሥቱ ባቡር ጋር ይሻማል፤ ስፔንም ገበያዋን ከፍታለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፦ በጣሊያን የአካባቢ ባቡር የወረቀት ቲኬት ከገዙ፣ ከመሳፈርዎ በፊት ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ቀኑንና ሰዓቱን ማስመታት አለብዎት። ያልተመታ ቲኬት ተቆጣጣሪ ፊት ቲኬት እንደሌለዎት ሊያስቆጥርና ሊያስቀጣ ይችላል።

ባቡር ይዘገያል፤ በጀርመንማ ይህ የአደባባይ ምስጢር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአገሪቱ የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያውም ከስድስት ደቂቃ ያነሰ መዘግየት እንደ ሰዓት ማክበር ተቆጥሮ። ጀርመን ውስጥ ባቡር የሚቀይር ሰው የአሥር ደቂቃ ልዩነት ያለውን ግንኙነት ባይመርጥ ይሻለዋል። ካሳን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ያደላል፦ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለ በረራ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ መንገደኛ፣ ምክንያቱ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልሆነ በቀር፣ 250 ዩሮ ይገባዋል። የባቡር ተሳፋሪ የሚመለስለት አንድ ሰዓት ለዘገየበት የቲኬቱ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሆነ 50 በመቶ ነው።

ስለ መስኮት እይታ ብዙ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ፈጣን ባቡር የሚሄደው በዋሻና በድምፅ መከላከያ ግንብ መሀል ነው። ከዙሪክ ሚላን የሚሄደው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የጎታርድ ዋሻ ሲያልፍ ተጓዡ የአልፕስን ተራራ ሳይሆን የራሱን ፊት መስታወቱ ላይ ያያል።

ለቪዛ አመልክተው የሚጓዙ ሰዎች ከዋጋውም ከሰዓቱም በፊት ሊያዩት የሚገባ ነገር አለ። ብሪታንያ ከሼንገን ውጭ ናት፤ የሼንገን ቪዛ ለንደን አያስገባም። የሼንገን ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከፓሪስ ለንደን ለሁለት ቀን ደርሼ ልመለስ ማለት አይቻልም፤ በባቡርም ሆነ በአውሮፕላን ሲወጡ መግቢያዋ ተበላች። በሼንገን ውስጥም ቢሆን ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አይቅበሩት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር መልሳለች፤ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል።

ወደ አገር የሚመልስዎት ረጅም በረራ ከሌላ ከተማ የሚነሳ ከሆነ ለዚያ ቀን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባቡሩንና በረራውን ለየብቻ ከገዙ፣ ባቡሩ ዘግይቶ በረራው ቢያመልጥዎት አየር መንገዱ ኃላፊነት የለበትም። ሻርል ደ ጎልና ፍራንክፈርት ማረፊያዎች ግን የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ እዚያው አላቸው፤ አንዳንድ አየር መንገዶችም የባቡሩን ጉዞ ከበረራው ጋር በአንድ ቲኬት ይሸጣሉ። ይህን አማራጭ ካገኙ ትንሽ ቢወደድም ይግዙት። ካላገኙ ግን ከዋዜማው ገብተው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይደሩ።