ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ ድረስ የመጣ የአውቶፓይለት ማስተካከያ አገልግሎት

ሐይቅ የሚባለውን ሐይቅ ጥልቀት ለመለካት የምንጠቀምበት የሞተር ጀልባ ረጅም መስመር ቀጥ ብሎ መጓዝ ስላለበት፣ መሪው ላይ አነስተኛ አውቶፓይለት፣ ማለትም መሪውን በራሱ እያዞረ ጀልባውን በታዘዘው አቅጣጫ የሚያስኬድ መሣሪያ፣ አስገጥመናል። የገጠመልን በኮምቦልቻ የሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሲሆን፣ ባለሙያዎቹን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐይቅ መላኩ በእጅጉ ያስመሰግነዋል። የዚህ መሣሪያ ኮምፓስ የሚስተካከለው ጀልባው ውሃ ላይ ሲዞር ነውና፣ በየብስ ላይ ብቻ ተፈትሾ የሚረከቡት ሥራ ገና አላለቀም።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ለደኅንነት የሰጡት ቦታ ነው። ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ 80 ሜትር ገደማ በሚደርስ ውሃ ላይ እንደምንሠራ አልዘነጉም። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ጀመሩ፤ ሁላችንንም የመንሳፈፊያ ጃኬት አስለበሱን፤ ከዓሣ አጥማጆች መረብም አራቁን። መሣሪያውን ሥራ ከማስጀመራቸው በፊት፣ መሪውን ወዲያውኑ ወደ እጅ የሚመልሰውን ቁልፍ እያንዳንዳችን ሳንፈልግ እስክናገኘው ድረስ አለማመዱን። አውቶፓይለት አቅጣጫ ይጠብቃል እንጂ ፊቱ ያለውን ታንኳ ስለማያይ፣ አንዱ ስክሪኑን ሲከታተል ሌላው ዓይኑን ከውሃው ላይ አልነቀለም።

ጀልባው በዝግታ፣ በእኩል ፍጥነት ሰፋፊ ክብ እየሠራ ሲዞር የታየው የኮምፓስ መዛባት ከ15 ዲግሪ በላይ ሆነ። ባለሙያዎቹ ይህን በቸልታ ሳያልፉ ሞተሩን አጥፍተው ፍተሻ ጀመሩ፤ የመዛባቱ ምክንያት ከኮምፓሱ ጀርባ የታሰረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ሆኖ ተገኘ። ማጉያውን ከአንድ ሜትር በላይ አርቀው ሲደግሙት መዛባቱ ወደ 4 ዲግሪ ወረደ። ቀጥለውም አቅጣጫውን በ40 ዲግሪ እየቀየሩ፣ ጀልባው ከታዘዘው አልፎ ግራና ቀኝ መዋዠቁን እስኪተው ድረስ የመሪውን ምላሽ ቀነሱት።

ቅር ያሰኘኝ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች በጽሑፍ አለመስጠታቸው ነው። በተጨማሪም በአካባቢያችን የኮምፓስ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ገደማ እንደሚያዘነብል ሊያስረዱን ይገባ ነበር፤ ካርታ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አገልግሎቱን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ሆኖም ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሮቹን አስጽፉ፣ ከኮምፓሱ አጠገብ ባትሪም ሆነ መልሕቅ ባስቀመጣችሁ ጊዜም ማስተካከያው እንደ አዲስ ይደገም።