ቪትዝ ላይ የኬዋይቢ አሞርዛተር፦ አስገጥሜ ያየሁት

ባጭሩ ለሚፈልግ፦ አሪፍ ነው ግዙት፣ ግን አሞርዛተሩን (ያው ጉድጓድ ላይ የመኪናዋን ንጠት የሚያበርደውን) ብቻ ቀይራችሁ ተአምር አትጠብቁ።

መኪናዋ ሁለተኛው ትውልድ የቶዮታ ቪትዝ ናት፣ ያቺ በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2010 የተሠራችው፣ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ መቼም ያለችንን እያከምን ነው የምንነዳው። የኔዋ ብሬከር ባለፈች ቁጥር ኋላዋ እስክስታ ይወርድ ነበር፣ ኮብልስቶን ላይ ከፊት ኳ ኳ ኳ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ንፋስ ከጎን ሲመታት መሪውን በሁለት እጅ ጨብጬ ነው የምሄደው። እርግጥ የቪትዝ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.46 ሜትር ነው፣ ክብደቷም አንድ ቶን ገደማ፣ ስለዚህ እንደ ላንድክሩዘር ተንሳፋ ትሂድልኝ አይባልም፣ ግን እንደዛም መሆን የለባትም።

የገዛሁት የጃፓኑን ኬዋይቢ ኤክሴል ጂ ነው (ብዙ ሰው ካያባ ነው የሚለው)፣ አራቱንም። ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ መሸጫው) ስትሄዱ ካርቶኑን አትመኑ፣ ካርቶን የትም ይታተማል። ኤክሴል ጂ ጋዝ ያለው ነው፣ ስለዚህ ዘንጉን ወደ ታች ተጭናችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ በራሱ መውጣት አለበት፣ እዛው ከቀረ ወይ ጋዙ አልቋል ወይ መጀመሪያውኑ ሌላ ዕቃ ነው። አንዱ ሻጭ ጋ ይሄን ላረግ ስል "ሳትገዛ አይነካም" አለኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ መሳቂያ ነው የሚሆነው፣ ብቻ ያው ስም ከሌለው ዕቃ በደንብ ይወደዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው አሞርዛተር ቀይሮ "ምንም ለውጥ የለውም" የሚለው አገጣጠሙ ላይ ስለሚበላሽ ነው። አንደኛ የፊተኛው አሞርዛተር ጭንቅላት ላይ ያለው ጎማ፣ ማውንቲንግ የሚባለው፣ አብሮ ካልተቀየረ ያ ኳኳታ አይጠፋም። ዘንጉ ላይ የሚገባው መምቻ ጎማና አቧራ መከላከያውም እንደዛው፣ አሮጌው በእጅ ሲነካ እንደ ብስኩት ነው የሚፈርሰው። ሌላው መካኒኩ ከላይ ያለውን ብሎን ሲያስር ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ብሎ በፒንሳ ሊይዘው ይችላል፣ እንዳታስነኩት! ያ የሚያብለጨልጨው ዘንግ ትንሽ ከተጫረ ዘይት መከላከያውን ይበላዋል፣ ከዛ ማፍሰስ ነው። ከመግጠማቸው በፊትም አሞርዛተሩን አቁመው ዘንጉን ደጋግመው ወደ ላይ ወደ ታች ማለት አለባቸው፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው ጋዝ ወደ ቦታው እንዲመለስ።

የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው ክንድ) ጎሚኒም፣ ማለት መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ካረጀ ይቀየር፣ እሱ ነው ፍሬን ስትይዙ መኪናዋን ወደ ጎን የሚስባት። እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ ጎሚኒው ያለበት ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ መሬት ላይ ወርዳ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከታሰረ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል፣ መኪናዋም ጉድጓድ ላይ ትጠነክርባችኋለች። የኔው መካኒክ "አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ ወንድሜ" እያለኝም ቢሆን አውርዶ አጠበቀው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ከዛ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)፣ እሱ ግዴታ ነው፣ የፊቱ አሞርዛተር ሲፈታ የጎማው አቀማመጥ ይቀየራላ። የኋላው አንድ ወጥ ቢም (ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኝ ብረት) ስለሆነ አይስተካከልም፣ ለኋላም ክፈል የሚላችሁ ካለ ምኑን እንደሚያስተካክል ጠይቁት።

ውጤቱስ? ብሬከር ላይ አንዴ ትወርዳለች አንዴ ትነሳለች በቃ። መጠምዘዣ ላይ መዘንበሏ ቀንሷል፣ አዳማ መንገድ ላይ ንፋሱ አሁንም ይገፋታል ግን ቶሎ ትመለሳለች። ጥቃቅን ጉድጓድ ላይ ግን ከለመድኩት ያረጀ አሞርዛተር ጠንከር ትላለች፣ ሶፋ የሚፈልግ ሰው አይወደውም። እኔ ተመችቶኛል።

የጎማ ነገርም አለ። የፋብሪካው 165/70 አር 14 ነው፣ የጎማው ጎን ቁመት የ165ቱ 70 በመቶ፣ 115 ሚሊ ገደማ መሆኑ ነው። ለቄንጥ ብላችሁ 195/50 አር 15 ከነቸርኬው ካረጋችሁ ወደ 97 ይወርዳል፣ ከዛ የአዲስ አበባን ጉድጓድ በወገባችሁ ነው የምትቆጥሩት፣ ምንም አሞርዛተር አያድናችሁም። ጎሚስታው ጋም "ሙላው" ብቻ አትበሉ፣ በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን የንፋስ ልክ አሳዩት፣ በኪሎፓስካል ስለሚጻፍ 230 ካለ ወደ 33 ፒኤስአይ ማለት ነው። አርባ ሞልተው የሚሸኙ ሞልተዋል።

መኪናዋን ከፍ ማድረጊያ ስፔሰር ስለሚያስገቡት ሰዎች ምን ልበል። ሆዷ መሬት አይነካም እሺ፣ ግን አሞርዛተሩ የሚለጠጥበትን ቦታ ትጨርሱበታላችሁ፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግም ጠሞ ነው የሚሠራው፣ ሲቪ ጆይንቱን (የዘንጉን መታጠፊያ) ይበላዋል። ለገጠር መንገድ የግድ ከሆነ ይገባኛል፣ ቦሌ ለቦሌ ለሚነዳ ግን ምን ሊረባ።

የኋላውን ቢም ጎሚኒ ገና አላስቀየርኩም፣ ማስወጫው ፕሬስ (ገፍቶ የሚያወጣ ማሽን) ይፈልጋል፣ የጠየቅኳቸው ጋራዦች ደግሞ በመዶሻ ነው የምናወጣው አሉኝ። በፕሬስ የሚሠራ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ።